ፖሊስ ያለ አግባብ አስሮ ለሰበረው እጅ ካሳ የሚጠየቀው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው፤ በግንበኝነት ይተዳደራል። ባለፈው ኅዳር አንድ ማክሰኞ ማታ ከሥራ ሲመለስ በሰፈሩ ዕቃ ተሰርቋል ተብሎ፣ የመያዣ ትእዛዝ ሳይታይ ተወሰደ። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያ ቆየ፤ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ረቡዕ ሌሊት በዱላ ተደብድቦ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ቅዳሜ ‹የሚፈለገው ሰው አንተ አይደለህም› ተብሎ ተለቀቀ። ለፖሊስ አቤቱታ ካስገባን ሰባት ወር ሆነን፤ መልስ የለም። ጎረቤት ሁሉ ‹መንግሥት አይከሰስም፣ አርፋችሁ ተቀመጡ› ይለናል። ካሳ ማግኘት ይቻላል? የሚከሰሰውስ ማን ነው?»

መልስ፦ ወንድምዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። አጭሩ መልስ አዎን፣ ካሳ መጠየቅ ይቻላል የሚል ነው፤ የሚከሰሱትም ጉዳቱን ያደረሰው የፖሊስ አባልና እሱ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ሁለቱም ናቸው። ነገር ግን ለፖሊስ ያስገባችሁት አቤቱታ፣ መልስ ቢያገኝ እንኳ፣ አባሉን በዲሲፕሊን ሊያስቀጣ ይችል እንደሆነ እንጂ ካሳ አያስገኝም፤ እየጠበቃችሁ ያለፉት ሰባት ወራትም ከክስ ማቅረቢያ ጊዜያችሁ ላይ እየተቀነሱ ነው። ይህን በተለይ ልብ እንድትሉት እፈልጋለሁ። በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ እውነትን ይዘው የመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት በደል አልደረሰባቸውም ተብሎ ሳይሆን ጊዜው ስላለፈ፣ ማስረጃው በወቅቱ ስላልተያዘ፣ ወይም የተከሰሰው መከሰስ የነበረበት ወገን ሳይሆን ቀርቶ ነው።

የጎረቤቶቻችሁ ምክር ከጥንት የመጣ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ኖሯል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2137 በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የኃላፊነት ክስ ማቅረብ እንደማይቻል ደንግጎ ነበር። ይሁንና ያው ሕግ፣ ያውም ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ፣ ጥፋቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት ሊጠይቅ እንደሚችል ይናገራል። ይህ አንቀጽ ዛሬም ይሠራል። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 9(5) ከሕግ ውጭ የተያዘ ወይም የታሰረ ሰው ካሳ የማግኘት መብት እንዳለው ይገልጻል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9(4) የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የሀገሪቱ ሕግ አካል አድርጓቸዋል። በክስ ማመልከቻችሁ ላይ ቃል ኪዳኑን መጥቀሳችሁ ይጠቅማል፤ ዳኛው ካሳውን የሚያሰላው ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። የተበደለ ሰው በደሉን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚናገረው፤ ያዙት፣ አሰሩት፣ ደበደቡት ይላል። ፍርድ ቤት ግን ሦስቱን ለየብቻ ይመዝናል፤ ሦስቱም እኩል ጥንካሬ የላቸውም። በእናንተ ጉዳይ ደካማው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያስቀድሙት የመጀመሪያው ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 51 ከአንድ ዓመት በማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ፈጽሟል ወይም ሊፈጽም ነው ተብሎ በበቂ ምክንያት የሚጠረጠርን ሰው ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲይዝ ስለሚፈቅድ፣ የመያዣ ወረቀት አለመታየቱ ብቻውን አያያዙን ሕገ ወጥ አያደርገውም። ኋላ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱም እንዲሁ ነው። የሚጠየቀው በዚያ ማክሰኞ ማታ የያዘው ፖሊስ ስለ ወንድምዎ ምን ያውቅ ነበር የሚለው ነው። መልኩን ወይም ልብሱን የጠቆመ ሰው ከነበረ ጥርጣሬው በቂ ነበር ሊባል ይችላል፤ በመንገዱ የተገኘውን ወጣት ሁሉ የሰበሰበ አፈሳ ከነበረ ግን ጥርጣሬ በሰፈር ላይ ሳይሆን በአንድ በታወቀ ሰው ላይ ማረፍ ስላለበት የእናንተ ክርክር ይጠነክራል። አብረውት የተያዙ ሌሎች ልጆች እንደነበሩ ወንድምዎን ይጠይቁት፤ ካሉ ምስክሮቻችሁ ናቸው።

ሁለተኛው የቆይታው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሲደነግግ ከዚህ የሚቀነሰው ከተያዘበት ስፍራ ወደ ፍርድ ቤት ለሚደረግ ጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ከአራብሳ እስከ ችሎቱ ያለው መንገድ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ ቀን የሚፈጅ አይደለም። ማክሰኞ ማታ የተያዘ ሰው ሐሙስ ማታ 48 ሰዓቱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ያለፈው እያንዳንዱ ሰዓት፣ የመጀመሪያው አያያዝ ሕጋዊ ቢሆን እንኳ፣ ያለ ሥልጣን የተፈጸመ እስራት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2040 ደግሞ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የሌላውን ሰው ነፃነት ለአጭር ጊዜም ቢሆን መንካት ጥፋት እንደሆነ፣ ለዚህም በአካል ላይ ጉዳት መድረሱ አስፈላጊ እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። «መርማሪው ሥራ በዝቶበት ነው» ወይም «መዝገቡ አልተደራጀም ነበር» የሚለው መከራከሪያ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

ድብደባው ከሦስቱ ሁሉ የጠነከረው ነው። ፖሊስ ሊያዝ ያልፈቀደን ሰው ለመያዝ ሁኔታው የሚጠይቀውን ያህል ኃይል እንዲጠቀም የሥነ ሥርዓት ሕጉ ስለሚፈቅድ፣ ጉዳቱ ማክሰኞ ማታ መንገድ ላይ የደረሰ ቢሆን ኖሮ «ሲታገለን ወደቀ» የሚል መልስ በጠበቃችሁ ነበር። ረቡዕ ሌሊት፣ ሰውየው በጣቢያ ክፍል ውስጥ ሳለ የተመታ እጅ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 16 ከአካል ጉዳት የመጠበቅን፣ በአንቀጽ 18 ከጭካኔና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ የመጠበቅን መብት ይሰጣል። አንቀጽ 18 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ ሊታገድ ከማይችሉት ጥቂት መብቶች አንዱ ነው፤ ይህን የምጠቅሰው በቅርብ ዓመታት በታወጁት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ወቅት ታስረው የነበሩ አንባቢዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚያነሡ ነው። እነሱ በ48 ሰዓቱ ጉዳይ ጠንከር ያለ ክርክር ሊገጥማቸው ይችላል፤ በድብደባው ጉዳይ ግን አዋጅ ነበረ የሚለው መልስ አይሆንም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ፣ ማን ይከሰሳል ወደሚለው ስንመጣ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2127 ጥፋትን ሁለት አድርጎ ይከፍለዋል። ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት በቅን ልቦና ያጠፋ እንደሆነ የሥራ ጥፋት ይባላል፤ ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይቻላል፤ መንግሥትም የከፈለውን መልሶ ከሠራተኛው ሊጠይቅ ይችላል። ከዚህ ውጭ የሆነው ሁሉ የግል ጥፋት ነው፤ ለእሱ መንግሥት አይጠየቅም፤ አጥፊው ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ሠራተኛው ቅን ልቦና እንደነበረው ይገመታል። በወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለው ይህ ክፍፍል በችሎት ተጎጂውን መሐል ሜዳ ላይ ያስቀረዋል። መሥሪያ ቤቱ ቀርቦ «እኛ ደብድብ ብለን አላዘዝንም፣ የግል ጥፋቱ ነው» ሲል፣ ፖሊሱ በበኩሉ «በሥራ ላይ ነበርኩ፣ የሚጠየቀው መሥሪያ ቤቴ ነው» ይላል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የከሰሰ ሰው ፍርድ ቤቱ የሌላውን ክርክር ከተቀበለ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሌላውን ልክሰስ ሲል ደግሞ ጊዜው አልፎ ይገኛል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ሁለቱንም በአንድ ክስ አጣምሮ፣ መሥሪያ ቤቱንም አባሉንም ኃላፊ በማድረግ፣ የእያንዳንዱን ኃላፊነት በአማራጭም ገልጾ ማቅረብ ነው። ከ48 ሰዓት በላይ ማቆየቱን በሥራ ጥፋትነት በመሥሪያ ቤቱ ላይ ማጥበቅ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሰው ተቀብሎ፣ መዝግቦና ቆልፎ ያቆየው ጣቢያው እንደ ተቋም ነው። ድብደባውን በተመለከተ በእጁ ያለን ሰው አጥንት የሰበረ ፖሊስ ቅን ልቦና ነበረው ማለት ለእኔ የሚዋጥ አይደለም፤ ቢሆንም የግል ጥፋት ነው ብላችሁ ራሳችሁ በክሱ ውስጥ አትደምድሙ። ድብደባው የተፈጸመው ቃል ሲቀበሉት፣ እመን ሲሉት፣ በተረኛ አዛዥ ፊት ከሆነ ለምርመራ ሥራ ተብሎ የተደረገ ነው የሚል ክርክር ይከፈታል፤ ይህም ካሳውን ለመክፈል አቅም ያለውን መሥሪያ ቤት በክሱ ውስጥ ያቆየዋል። ወርኃዊ ደመወዙ ቤተሰቡን የማያሳድር አንድ ተራ የፖሊስ አባል ላይ ብቻ የሚሰጥ ፍርድ፣ ቢገኝም፣ ብዙ ጊዜ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ክሱ በጣቢያው ላይ ሳይሆን የሕግ ሰውነት ባለው፣ ማለትም በራሱ ስም ሊከስና ሊከሰስ በሚችል መሥሪያ ቤት ላይ መቅረብ ይኖርበታል። እናንተ ባላችሁበት አካባቢ ይህ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አራብሳ የከተማዋ ጫፍ ነው፤ ወዲያ ሲሻገሩ የኦሮሚያ ክልል የሸገር ከተማ አስተዳደር ይጀምራል። ሥራው ከለገጣፎ በኩል ሆኖ ሲመለስ የተያዘ ሰው የያዘው የአዲስ አበባ ፖሊስ ነው ወይስ የኦሮሚያ ፖሊስ የሚለው ተከሳሹን ብቻ ሳይሆን ፍርድ ቤቱንና የችሎቱን ቋንቋም ይለውጣል። የመጀመሪያው ከሆነ ክሱ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የገንዘቡ መጠን ከ10 ሚሊዮን ብር ካልበለጠ የመጀመሪያ ደረጃው ይመለከተዋል። ሁለተኛው ከሆነ ጉዳዩ የክልሉ ፍርድ ቤቶች ነው። በዳርቻው ሰፈሮች ሌላም ነገር አለ፤ ሌሊት የሚዘዋወረው ሁሉ ፖሊስ አይደለም። ሚሊሻ፣ ደንብ አስከባሪ፣ በየብሎኩ የተደራጀ የጥበቃ ቡድን አብሮ ይወጣል። ወንድምዎ ማን እንደያዘው፣ ማን ለማን እንዳስረከበው፣ የመታው ሰው ምን ዓይነት የደንብ ልብስ እንደለበሰ አሁን፣ ሳይረሳ፣ በራሱ አንደበት ተናግሮ በጽሑፍ ይስፈር። ስማቸውን ባያውቅ የማዕረግ ምልክታቸውን፣ የተጠሩበትን ስም፣ የነበሩበትን ፈረቃ ይግለጽ፤ የተረኞችን ዝርዝር ፍርድ ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲቀርብ ሊያዝ ይችላል።

ማስረጃን በተመለከተ ትንሽ ልቆይበት፤ ጉዳዩ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። የጉዳቱን መጠንና ያደረሰውን ሰው የማስረዳት ግዴታ የከሳሹ ነው። ጣቢያው «ማክሰኞ አልያዝንም፣ ሐሙስ ነው የገባው» ቢል በምን ትመልሳላችሁ? ከሁሉ የተሻለው ምስክር ስንቅ ያመላለሰው ሰው ነው። ረቡዕ ጠዋት ምሳ ዕቃ ይዞ የሄደው፣ በር ላይ ስሙን ያስመዘገበው፣ የታሳሪውን ስም ጠርቶ ዕቃውን የሰጠው የቤተሰብ አባል የእስራቱን ዕድሜ ቀን በቀን ሊናገር ይችላል። ሐሙስ ዕለት ስንቅ ሲቀበል ቀኝ እጁ አብጦ በግራው እንደያዘው ያየ ሰው ካለ፣ ያ ምስክርነት ጉዳቱ ከመያዙ በኋላና ከመለቀቁ በፊት መድረሱን ስለሚያሳይ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል። ሲገባ ቀበቶውን፣ ስልኩንና ገንዘቡን ተረክበው የፈረሙበት ካለ ቀኑ በእሱ ላይ ይገኛል። በዚያች ሰዓት ለቤተሰብ የተደወለ ስልክ፣ ለአሠሪው «ታስሯል፣ አይመጣም» ተብሎ የተላከ መልእክትም ቀን አለው፤ አታጥፉት። የጣቢያውን የታሳሪዎች መዝገብ ደግሞ እናንተ ብትጠይቁ ላይሰጧችሁ ስለሚችሉ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 መሠረት ፍርድ ቤቱ አዝዞ እንዲያስቀርበው ማመልከት ይገባል።

የሕክምናው ማስረጃ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከእስር ወጥቶ ሐኪም ፊት የቀረበ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ሲባል ከፍርሃት የተነሣ «ወድቄ ነው» ይላል፤ ሐኪሙም የተነገረውን በካርዱ ላይ ይጽፋል። ያቺ አንድ መስመር ከዓመት በኋላ በተከሳሹ ጠበቃ እጅ ትገኛለች። ወንድምዎ ቅዳሜ ዕለት ሲታከም ምን ብሎ እንደነበር ይጠይቁት፤ «ወድቄ» ብሎ ከሆነ ነገሩ አልሞተም፤ ለምን እንዲህ እንዳለ ራሱ በችሎት ይናገራል፤ የስብራቱ ዓይነት ከመውደቅ ይልቅ ከምት ጋር እንደሚስማማ ሐኪም ሊያስረዳ ይችላል። የራጁን ፊልም፣ የመድኃኒት ደረሰኞችን፣ የካርድ ቁጥሩን ያዙ። ሆስፒታሎች ለክስ የሚሆን የጽሑፍ ማስረጃ የሚሰጡት ብዙ ጊዜ በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት ደብዳቤ ሲጠየቁ ነው፤ ከደበደበው ጣቢያ ደብዳቤ መለመን ደግሞ የማይሆን ነገር ስለሆነ፣ ደብዳቤውን በዐቃቤ ሕግ በኩል ወይም ክሱ ከቀረበ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማግኘት ይቻላል። ሕክምናው ሲያበቃ እጁ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ በመንግሥት ሆስፒታል የሕክምና ቦርድ ቀርቦ የዘላቂ ጉዳቱ መጠን በመቶኛ እንዲገለጽ ማድረግ ግድ ነው፤ የካሳው ትልቁ ክፍል የሚሰላው ከዚያ ቁጥር ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ትተኳቸዋላችሁ። ግንበኛው በቀን 600 ብር እያገኘ በወር 25 ቀን ይሠራል እንበል፤ ወርኃዊ ገቢው 15,000 ብር ነው። በእስር ላይ ያለፉት አራት የሥራ ቀናት 2,400 ብር፣ እጁ በጀሶ ታስሮ የቆየባቸው ሦስት ወራት ደግሞ 45,000 ብር ይሆናሉ። የሕክምናና የትራንስፖርት ወጪ በደረሰኝ ይጨመራል። ቦርዱ 10 በመቶ ዘላቂ ጉዳት ብሎ ከወሰነ በወር 1,500፣ በዓመት 18,000 ብር ይቀንስበታል ማለት ነው፤ እስከ 60 ዓመቱ ያሉት 33 ዓመታት ሲታሰቡ 594,000 ብር ይደርሳል። ፍርድ ቤቱ ይህን ሙሉ በሙሉ ላይቀበለው ይችላል፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ መከፈሉንና የሰው ሕይወት ከፍና ዝቅ ያለበት መሆኑን አይቶ፣ ጉዳቱን በትክክል ማስላት ሲያዳግት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2102 በሚፈቅድለት መሠረት በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ግምት፣ ሊቆርጥ ይችላል። ነገር ግን ዳኛው ከምን ተነሥቶ እንደሚቀንስ እንዲያውቅ ስሌቱን ያቀረበ ሰው፣ «ተገቢው ካሳ ይወሰንልኝ» ብሎ ብቻ ከጻፈው ሰው እጅግ ይሻላል። የቀን ሠራተኛ ገቢውን በምን ያስረዳል ለሚለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚፈረምበት የሳይቱ የክፍያ ወረቀት፣ የፎርማኑና አብረውት የሚሠሩ ግንበኞች ቃል፣ ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ይገባለት ከነበረ የሂሳቡ መግለጫ በቂ ናቸው። ግንበኛ መሆኑም ይጠቀስ፤ ለጽሕፈት ሥራ ቀላል የሚመስል የአንጓ ጉዳት ማንኪያና ቱምቢ ለሚይዝ እጅ ሌላ ነገር ነው።

አሁን የሚያስቆጣኝን ነገር ልናገር። ወንድምዎ በዚያች ሌሊት የደረሰበት ፍርሃት፣ ውርደት፣ በሰፈር ሌባ ተብሎ መታየቱ በሕጉ የሕሊና ጉዳት ይባላል፤ ካሳም ይከፈልበታል። ነገር ግን አንቀጽ 2116(3) ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ አድርጎ ወስኗል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ከላይ ባስቀመጥነው የቀን ሂሳብ የአንድ ግንበኛ የሁለት ቀን ምንዳ እንኳ አይሞላም። የአንድ ዜጋ ክብር በዚህ ዋጋ ታስሮ ከ60 ዓመት በላይ መቆየቱ ሕግ አውጪው ሊያርመው የሚገባ በደል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያለ አካል ጉዳት ሳምንታት ታስሮ ለወጣ ሰው፣ ደመወዙም ካልተቋረጠበት፣ ሕጉ የሚሰጠው ነገር ከምንም አይቆጠርም። እስኪሻሻል ድረስ 1,000 ብሩን ከመጠየቅ አትቅሩ፤ ፍርድ ቤቱ የክብር መነካቱን በውሳኔው ላይ እንዲያሰፍር ያደርጋልና። የክሳችሁ ክብደት ግን በቁሳዊው ጉዳት ላይ ይሁን።

የወንጀሉ መንገድ ለብቻው አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ የያዘ ወይም ያሰረን የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል፤ አንቀጽ 424 ደግሞ የተያዘን ወይም የሚመረመርን ሰው የሚመታን፣ የሚያሠቃይን ወይም የሚያስፈራራን ሠራተኛ የሚመለከት ሲሆን፣ ከባድ በሆነ ጊዜ ቅጣቱ ያው እስከ 10 ዓመት ነው። አቤቱታውን ለጣቢያው ሳይሆን ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ አቅርባችሁ የገቢ ቁጥር ያለበትን ቅጂ ያዙ። ክስ ከተመሠረተ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት የወንጀሉ ችሎት ሲጀመር የካሳ ጥያቄን አብሮ ማቅረብ ይቻላል። ዐቃቤ ሕግ እስኪከስ ብላችሁ ግን የፍትሐ ብሔሩን ክስ አታዘግዩ፤ ፖሊሱ በወንጀል ነፃ ቢባል እንኳ የካሳ ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት በዚያ እንደማይታሰር የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 ይደነግጋል። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ማመልከት ይቻላል፤ ኮሚሽኑ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ካሳ አይፈርድም፤ ምርመራው ግን ለክሳችሁ ሊያግዝ ይችላል።

ስለ ይርጋው፣ ማለትም ክስ ስለሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በዝርዝር፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይናገራል። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀል ሕጉ የበለጠ ጊዜ ከሰጠ በዚያ መጠቀም እንደሚቻል ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ ስለሚፈቅድ፣ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል የተቀመጠው የ15 ዓመት ጊዜ ለእናንተም ይሠራል ብሎ መከራከር ይቻላል። ይህ ግን ጊዜው ያለፈበት ሰው የሚይዘው ክርክር ነው፤ እናንተ ገና ከዓመት በላይ አላችሁና በሁለቱ ዓመት ውስጥ አስገቡ። አቤቱታ፣ ደብዳቤ፣ በአካል መመላለስ፣ «እያየነው ነው» የሚል የቃል ተስፋ ይህን ጊዜ ያቆሙታል ብላችሁ አትተማመኑ።

ሽማግሌ ይላክባችሁ ይሆናል። አንድ ሰፈር እየኖሩ ክስ ከባድ ነው፤ ዕርቅንም አልቃወምም፤ በቂ ካሳ ተከፍሎ ነገሩ በሰላም ቢያልቅ የችሎት ምልልስ ይቀራል። ነገር ግን ለሕክምና ተብሎ ጥቂት ሺህ ብር ተሰጥቶ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ የተፈረመ እንደሆነ፣ የዕርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ስለሚቆጠር ከዚያ በኋላ ቦርዱ ዘላቂ ጉዳት ቢያገኝም መመለስ አይቻልም። የቦርድ ውጤት ሳይታወቅ ማንም ምንም እንዳይፈርም። ቅዳሜ ሲለቀቅ «ምንም አልደረሰብኝም» የሚል ነገር አስፈርመውት ከሆነም ደብቃችሁ አትምጡ፤ ለጠበቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሳይለቀቅ፣ በእጃቸው እያለ የፈረመው ወረቀት የሚሰጠው ግምት አነስተኛ መሆኑን ማስረዳት የሚቻለው ቀድሞ ከታወቀ ነው።

ከሳሹ ወንድምዎ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። እሱ በአካል መቅረብ የሚከብደው ከሆነ ሥልጣን ባለው የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ ውክልና ለቅርብ የቤተሰብ አባል ሊሰጥ ይችላል፤ ምስክርነቱን ለመስጠት ግን ራሱ መቅረብ ይኖርበታል። የዳኝነት ክፍያው በተጠየቀው ገንዘብ መጠን ስለሚሰላ፣ መክፈል የማይችል ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ በመሐላ የተደገፈ ማመልከቻ ያቀርባል፤ ለዚህም ከወረዳው ስለ ኑሮው ማስረጃ ማምጣት ይረዳል። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለ የዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ክስ ያዘጋጃሉ፤ ጠበቆችም ያለ ክፍያ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ ስላለባቸው በማኅበራቸው በኩል መጠየቅ ይቻላል። ወደ የትኛውም ስትሄዱ የሕክምና ካርዱን፣ የራጁን ፊልም፣ ለፖሊስ ያስገባችሁትን አቤቱታ ቅጂና ወንድምዎ በራሱ ቃል ያሰፈረውን የአራቱን ቀናት ታሪክ ይዛችሁ ሂዱ።